«ማግኔቱ ሲዲ ፎር ይጨምራል» ለሚለው ማስታወቂያ ልጓም ይበጅለት

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ መግነጢሳዊ መስክ በሰው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ላይ ስላለው ተጽዕኖ ለሕዝብ ግልጽ መመሪያ እንዲወጣና በማግኔት ሽያጭ ስም በሚነገረው የጤና ማስታወቂያ ላይ ቁጥጥር እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የምተዳደረው በሕክምና ላብራቶሪ ሙያ ነው፤ ከሰው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳትን መለየት፣ መቁጠርና ጠባያቸውን መመርመር የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተነሳሁት ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች ከአንድ ወረፋ ላይ ስለሚመጡብኝ ነው። አንዱ ታካሚ የማግኔት አምባር፣ ቀበቶ ወይም ፍራሽ ቢገዛ የበሽታ መከላከል አቅሙ ይጨምርለት እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ ከኋላው የቆመችው እናት ደግሞ ከአጥሯ ጥግ የተተከለው ትራንስፎርመር የልጇን ደም ያበላሸው እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ሁለቱም የሚጠይቁት መግነጢሳዊ መስክ ከበሽታ የሚከላከሉልንን ሕዋሳት ምን ያደርጋቸዋል ብለው ነው። ለሁለቱም የምሰጠው፣ በሚገባቸው ቋንቋ የተጻፈና የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግን በእጄ የለም። ያንን ክፍተት እየሞላ ያለው ሻጭና አሉባልታ ነው።

ነገሩ የሚደበላለቀው ገና ከመነሻው የመስኩ ዓይነትና መጠን ስለማይለዩ ነው። ሁላችንም ተወልደን ያደግነው በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ነው፤ ምድር ራሷ በገጿ ላይ እንደየአካባቢው ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ የሚደርስ መስክ አላት (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ማይክሮ ቴስላ ደግሞ የአንድ ቴስላ ሚሊዮንኛ)። አገራችን ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ አዲስ አበባ ላይ ያለው መስክ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ የሚጠጋ፣ 36 ማይክሮ ቴስላ ገደማ የሆነ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚለካው ይህንኑ ነው። ይህ አቅጣጫው የማይመላለስ፣ ቋሚ መስክ ነው። በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው የኤምአርአይ ማሽን ዋናው መስክም ቋሚ ነው፤ ጉልበቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ስለሆነ ዝቅተኛው እንኳ ከአዲስ አበባው የምድር መስክ ከ40 ሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ከኤሌክትሪክ መስመር፣ ከትራንስፎርመርና ከቤት ዕቃ የሚወጣው ደግሞ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ተለዋዋጭ መስክ ነው። ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር በቀጥታ ሥር የቆመ ሰውን እስከ 20 ማይክሮ ቴስላ ሊያገኘው ይችላል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የተለካው አማካይ ግን 0.1 ማይክሮ ቴስላ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ደግሞ ዲሲ የሚባለውን አቅጣጫው የማይመላለስ ጅረት ስለሚያስተላልፍ፣ መስኩ እንደ ምድር መስክ ቋሚ እንጂ እንደ ሌሎቹ መስመሮች ተመላላሽ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው «መስኩ ሕዋስን ነካ» ሲል ከሁሉ በፊት የትኛው መስክ፣ በምን ያህል ጉልበት፣ ለስንት ሰዓት ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። በገበያው ውስጥ ይህን የሚጠይቅም የሚመልስም የለም።

በሻጮች አፍ የተለመደው አባባል «ደም ውስጥ ብረት አለ፤ ማግኔቱ ብረቱን ይስባል፤ ደሙ ሲፈጥን መከላከያው ይነቃቃል» የሚል ነው። ሲሰሙት ይጥማል፤ ነገር ግን በሄሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሚስማር ብረት አይደለም። ላይነስ ፖሊንግና ቻርልስ ኮሪየል እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢን በማግኔት በጥቂቱ ይገፋል እንጂ አይሳብም፤ ኦክስጅኑን ያራገፈውም ቢሆን የሚሳበው እጅግ በደከመ መጠን ነው። ነገሩ ሻጮቹ እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ 3 ቴስላ ማሽን ውስጥ የተኛ ታካሚ ደሙ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ በቀረ ነበር። ከዚህ ሌላ ሊምፎሳይት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ በደም ውስጥ የሚገኙት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በንፍፊት፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳና በአጥንት መቅኒ ውስጥ ተቀምጠዋል። የትንሽ ማግኔት መስክ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ እየወረደ የሚሄድ ስለሆነ፣ የአምባሩ መስክ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ከገባን በኋላ ከምድር መስክ የማይለይ ነገር ይሆናል። ከአንጓ ላይ የታሰረ ነገር ጣፊያ ውስጥ ያለን ሕዋስ የሚያገኝበት መንገድ የለም።

እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ማግኔትን ከመከላከያ ሕዋሳት ጋር በየጊዜው እናገናኛለን፤ ይህን ሕዝቡ ቢያውቀው ጥሩ ነው። በምርምር ላብራቶሪ ውስጥ የተቀዳው ደም ፊኮል ከሚባለው ወፈር ያለ ፈሳሽ በላይ፣ በቱቦው ግድግዳ አስታክኮ፣ ሁለቱ እንዳይደባለቁ በዝግታ ይፈስሳል። ሴንትሪፊውጅ በሚባለው ማሽከርከሪያ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ቀዩ ደም ከታች ይዘቅጣል፤ በመካከል ደግሞ ስስ ደመና የመሰለ ነጭ ቀለበት ይቀራል፤ ሊምፎሳይቶቹ ያሉት እዚያ ነው። ያንን በፒፔት አንስተን፣ ሲዲ ፎር በተባለው፣ ቲ-ሕዋስ ከሚባሉት ሊምፎሳይቶች አንዱ ክፍል በገጹ ላይ በሚሸከመው ምልክት ላይ ብቻ የሚጣበቅና 50 ናኖሜትር ገደማ የሆነ የብረት ቅንጣት የተሸከመ ፀረ-እንግዳ አካል እንጨምርበታለን፤ ድብልቁም በጠንካራ ማግኔት መካከል በቆመ ትንሽ አምድ ውስጥ ያልፋል። ምልክቱ የሌላቸው ሕዋሳት ፈስሰው ይወርዳሉ፤ ሲዲ ፎሮቹ ይያዛሉ፤ አምዱ ከማግኔቱ ሲወጣ ደግሞ ታጥበው ይለቀቃሉ። እነዚህ ሕዋሳት ከምድር መስክ በሺዎች እጥፍ በበለጠ መስክ ውስጥ ለደቂቃዎች ቆይተው ሲወጡ ያው እንደ ነበሩ ናቸው፤ አልሞቱም፣ ከእንቅልፋቸውም አልተቀሰቀሱም፤ የሚቀሰቀሱት የሚያነቃቃቸውን ነገር ስንጨምርላቸው ነው። ማግኔት ብቻውን እነሱን የሚያነቃ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዘዴ የሚሠራው የዓለም ምርምር ሁሉ ገና ከጅምሩ ይበላሽ ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጉዳዩ የሳይንስ ክርክር ብቻ ሆኖ ስላልቀረ ነው። ለዓመታት የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ የወሰደች አንዲት እናት የሲዲ ፎር ውጤቷን፣ ማለትም ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው እነዚሁ ሕዋሳት በደሟ ውስጥ ስንት እንደሆኑ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ልትወስድ መጥታ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችኝ። የፊተኛው ከኋለኛው ያንስ ነበር። በመካከል የእቁብ ገንዘቧን አውጥታ የማግኔት ፍራሽ ገዝታለች፤ የሸጠላት ሰውም ቁጥሩ ከፍ ሲል መድኃኒቱን «ቀስ በቀስ መተው» እንደምትችል ነግሯታል። «ልጄ፣ እንግዲህ ከኪኒኑ ማረፍ እችላለሁ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። መድኃኒቷን ያላቋረጠችው አስቀድማ እኔን ልትጠይቅ ስለ ጠበቀች ብቻ ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ በሰውነት ውስጥ የተደበቀው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ እንደሚባዛ ሚኒስቴሩ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የሲዲ ፎር ቁጥር በራሱ የሚዋልል ቁጥር ነው። በጤናማ ሰው ላይ እንኳ ጠዋት ዝቅ ብሎ ወደ ማታ ከፍ ይላል፤ ጉንፋን፣ ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት፣ ናሙናው የቆየበት ሰዓት፣ ሌላው ቀርቶ የተቆጠረበት ማሽን ያወዛውዙታል። በጤናማ አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1500 ድረስ ያለው ሁሉ የተለመደ ተብሎ የሚወሰደው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚነግረን የቫይረስ መጠን ምርመራው ነው፤ የእናቲቱንም ቁጥር ከፍ ያደረገው ዓመታት የወሰደችው ኪኒን ነበር። በአገራችን የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከጥር 1997 ዓ.ም. ወዲህ በስንት ድካም የተገነባ እምነት አለ፤ ይህን እምነት በፍራሽ ንግድ መሸርሸር ከሰው ኪስ ገንዘብ ከማውጣት የከፋ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም የመጀመሪያው ጥያቄዬ ለባለሥልጣኑ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን የመቆጣጠር ኃላፊነት ሰጥቷችኋል። አንድ ዕቃ «ሕመም ያድናል፤ የመከላከል አቅም ይጨምራል» ተብሎ ሲሸጥ ሻጩ ስሙን «አምባር» ወይም «ፍራሽ» ቢለውም፣ ራሱን የሕክምና መሣሪያ አድርጎ አቅርቧልና እንደ ሕክምና መሣሪያ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይገባል። ማስረጃ የሌለው ማስታወቂያ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከማኅበራዊ ሚዲያ እንዲነሳ፣ በተለይም «ሲዲ ፎር ይጨምራል»፣ «ከስኳር መድኃኒት ያሳርፋል»፣ «ካንሰር ይከላከላል» የሚሉት ቃላት በግልጽ ተጠቅሰው እንዲከለከሉ እጠይቃለሁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ማግኔት ካንሰርንና ኤችአይቪን ያክማል እያሉ ይሸጡ በነበሩ ነጋዴዎች ላይ እርምጃ ወስዷል። ማግኔቱን ለጌጥ የሚሸጠውን ማንም አይከለክለውም፤ የተቃወምኩት በታማሚ ተስፋ መነገዱን ነው።

ይሁን እንጂ ሻጮችን ለማስቆም ብለን «መግነጢሳዊ መስክ ምንም አያደርግም» ብንል እኛም ከእውነቱ እንርቃለን። መመሪያው የሚታመነው ሙሉውን ሲናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጣሊያን ተመራማሪዎች ከሰው ደም የተለዩ ሊምፎሳይቶችን በሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ቀስቅሰው ዝግ ብሎ በሚመላለስ መስክ ውስጥ ሲያቆዩአቸው መባዛታቸው እንደቀነሰ አሳተሙ፤ ሌሎች የዚያው አገር ተመራማሪዎች ደግሞ እየተቋረጠ በምት በምት በሚለቀቅ ሌላ ዓይነት መስክ (የምት መስክ) መባዛቱ ሲጨምር አዩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ከጣሊያኗ ፌራራ የወጣ ሥራ ኒውትሮፊል በሚባለው የሰው ነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለ፣ ብግነትን ለማብረድ የሚረዳ የአዴኖሲን ተቀባይ በምት መስክ ውስጥ እንደሚጨምር አሳየ። ሞኖሳይትና ማክሮፋጅ የሚባሉት በላተኛ ሕዋሳት በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስ (50 ኸርዝ)፣ ጉልበቱም 1 ሚሊ ቴስላ (የአንድ ቴስላ ሺህኛ) በሆነ መስክ ውስጥ የኦክስጅን ራዲካል የሚባሉትን፣ ሕዋስን ሊጎዱ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች አብዝተው እንደሚያመነጩ የዘገቡም አሉ። ይህ ሁሉ ትኩረት የሚገባው ሥራ ነው። ዳሩ ግን 1 ሚሊ ቴስላ ማለት ከተራ ቤት አማካይ በ10 ሺህ እጥፍ የበለጠ መስክ ነው፤ ሕዋሱም የነበረው በሳህን ላይ እንጂ ከነሆርሞኑና ከነነርቩ በተሟላ ሰውነት ውስጥ አልነበረም። የተሰበረ አጥንት አልገጥም ሲል የሚታዘዘው የምት መስክ መሣሪያ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ መሆኑ እውነት ነው፤ ፈቃዱ ግን ለአጥንት ነው፤ መሣሪያውም የታወቀ ምትና መጠን ያለው ነው። ሻጮቻችን ይህንን ፈቃድ እየጠቀሱ የማቀዝቀዣ ማግኔት የሚያህል ነገር ለበሽታ መከላከያ መሸጣቸው ማታለል ነው።

በዚህ ዘርፍ የአንድ ጥናት ውጤት ይዞ መሮጥ ለምን እንደማይገባ አንድ ታሪክ በደንብ ያስረዳል። ሕዋስ መልእክት ሲደርሰው በውስጡ የካልሲየም መጠን ከፍና ዝቅ ይላል፤ የቲ-ሕዋስ መንቃት ከሚታወቅባቸው ቀዳሚ ምልክቶች አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የስዊድን ተመራማሪዎች ጁርካት በተባሉት የሰው ቲ-ሕዋሳት ላይ 0.1 ሚሊ ቴስላ የሆነ የ50 ኸርዝ መስክ ብቻውን ይህን የካልሲየም መዋዠቅ እንደሚቀሰቅስ ሲያሳውቁ ነገሩ ብዙ ሰው አነጋገረ፤ ምክንያቱም እውነት ከሆነ ከኤሌክትሪክ የሚወጣ ደካማ መግነጢሳዊ መስክ ለመከላከያ ሕዋስ የሐሰት ትእዛዝ ይሰጣል ማለት ነው። በአሜሪካ መንግሥት የምርምር ፕሮግራም ሥር ያው ሙከራ ሆን ተብሎ ተደገመ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ውጤት መስኩ ያመጣውን ለውጥ አላገኘም። ማንም ዋሽቷል ለማለት አይደለም። የቲ-ሕዋስ ካልሲየም ያለ ምንም መስክም በራሱ ይዋዥቃል፤ የትኛው ሳህን በመስኩ ውስጥ እንደነበረ የሚያውቅ ዓይን ደግሞ የፈለገውን ማየቱ አይቀርም። ከዚህ የሚብሰው ሕዋሳቱ የሚያድጉበት ኢንኩቤተር ራሱ በማራገቢያውና በማሞቂያው ምክንያት የራሱ መስክ ያለው መሆኑ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ጥቂት ሴንቲሜትር በተራራቁ ሁለት ቦታዎች መካከል መስኩ በብዙ ማይክሮ ቴስላ ሊለያይ ይችላል። ይህን ሳይለካ የተሠራ ሙከራ በመስክ ያልተነካ መነጻጸሪያ ይዣለሁ ቢልም የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን መስኮች በሚመለከት ሰፊ ግምገማ የደረሰበትም ከዚህ ጋር ይስማማል። በመከላከያ ሥርዓት ላይ ያለው ማስረጃ በአመዛኙ እርስ በርሱ የማይጣጣም ነው አለ፤ ከ10 ማይክሮ ቴስላ እስከ 2 ሚሊ ቴስላ በሆነ መስክ በሰዎች ላይ በተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ሕዋሳት በአንዱ ጨምረው በሌላው ቀንሰው ተገኝተዋል፤ አጠቃላይ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥርም ወይ አልተለወጠም ወይ ቀንሷል። በዚህ ማስረጃ ላይ ቆሞ «ያድናል» የሚልም ሆነ «ይገድላል» የሚል ሰው ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

ስለ ኤምአርአይ አጠር አድርጌ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከዙሪክ የወጣ ጥናት 20 ታካሚዎች በ1.5 ቴስላ ማሽን የልብ ምርመራ ካደረጉ በኋላ በሊምፎሳይቶቻቸው ዲኤንኤ ላይ ስብራት ጨምሮ እንዳገኘ ሲዘግብ ፍርሃት ፈጥሮ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የጀርመን ተመራማሪዎች ከሰው ደም የለዩትን ሊምፎሳይት በ7 ቴስላ ማሽን ውስጥ አቆይተው እንዲህ ያለ ጭማሪ አላገኙም። ሐኪም ያዘዘለትን ኤምአርአይ «ደሜን ያበላሽብኛል» ብሎ የሚቀር ታካሚ ራሱን የሚጎዳው ምርመራውን በማጣቱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ የተረጋገጡት አደጋዎች የሚበር ብረት፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያና በሰውነት ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ ናቸው፤ በጦርነት የቆሰሉ ብዙ ወገኖች ባሉበት አገር የመጨረሻው ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ ይገባል። በማሽኑ ዙሪያ ውለው የሚያድሩት ባለሙያዎች ደግሞ የተለየ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል፤ እንደ ኤክስሬይ አዮን የማይፈጥር ጨረርን በሚመለከት የሚሠራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ለሠራተኛ ጭንቅላትና ደረት ያስቀመጠው የቋሚ መስክ ጣሪያ 2 ቴስላ፣ ለተራው ሕዝብ ደግሞ 400 ሚሊ ቴስላ ነው።

የትራንስፎርመሩ ጥያቄ ከፍራሹ ጥያቄ ይከብዳል፤ የሚጠይቁትም በአብዛኛው እናቶች ናቸው። የልጆች ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ገና ያልበሰሉ የመከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ስለሆነ፣ ጉዳዩ በቀጥታ የዚህ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ናንሲ ዌርታይመርና ኤድ ሊፐር በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ በሚኖሩ ልጆች ላይ የካንሰር ሞት በዝቶ እንዳገኙት ከጻፉ ወዲህ ነገሩ ሲጠና ኖሯል። የበርካታ አገሮች ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ አማካይ መስኩ ከ0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ በሆነባቸው ጥቂት ቤቶች የሚኖሩ ልጆች በሉኪሚያ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. እነዚህን መስኮች «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ከሚላቸው ምድብ ያስገባቸው ለዚህ ነው፤ ቋሚ መስኮችን ግን ለመመደብ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። መስኩ ሕዋሱን እንዴት ወደ ካንሰር እንደሚመራው የሚያሳይ መንገድ አልተገኘም፤ በጥናቶቹ ውስጥ ማን ለመሳተፍ እንደተስማማ የሚያስከትለው መዛነፍም ከጭማሪው የተወሰነውን ሊያስረዳ ይችላል። ግንኙነቱ እውነት ነው ተብሎ ቢወሰድ እንኳ በዓለም ላይ ከሚከሰተው የልጆች ሉኪሚያ የሚደርሰው ድርሻ ከ0.2 እስከ 5 በመቶ ድረስ እንደሆነ ድርጅቱ ገምቷል።

እናቲቱ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ለምን የተፈቀደው መጠን 200 ማይክሮ ቴስላ ሆነ?» ብትል ጥያቄዋ ትክክል ነው። ዓለም አቀፉ ኮሚሽን በ2010 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያስቀመጠው ይህ ቁጥር ነርቭና ጡንቻ ላይ ወዲያው ከሚታይ ተጽዕኖ ለመጠበቅ የተሰላ ነው፤ ስለ ሉኪሚያው ያለው ማስረጃ ወሰን ለማውጣት የሚበቃ አይደለም ተብሎ ተትቷል። መመሪያችሁ ይህን ልዩነት ሳይሸፍን በግልጽ እንዲያስረዳ እጠይቃለሁ፤ ሕዝቡ ሲደበቅበት እንጂ ሲነገረው አይደነግጥም። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ ግንባታ ሲታቀድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ እንዲደረግ መክሯል። አዲስ መስመርና ትራንስፎርመር ሲተከል ከመዋዕለ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት ክፍሎች ጥቂት ሜትሮች እንዲርቅ ማድረግ ከጅምሩ ከታሰበ እምብዛም ወጪ የለውም። ሚኒስቴሩ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ሆኖ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች አጠገብ ያለውን መስክ አስለክቶ ውጤቱን በየወረዳው ይለጥፍ። ልኬቱ ሲካሄድ የእንጀራ ምጣዱም አይዘንጋ፤ ከ3 ሺህ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ እናቶቻችንም፣ በየሰፈሩ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶችም፣ ነፍሰ ጡሮቹ ጭምር፣ ለሰዓታት ከጎኑ ይቆማሉ። ከውጭ አገር በሚመጡት ሠንጠረዦች ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ እንጂ ምጣድ የለም።

ምርምሩንም ለሌሎች ብቻ መተው የለብንም። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ከ50 ዓመት በላይ በሥጋ ደዌና በሳንባ ነቀርሳ ላይ ሲሠራ የኖረው የሰውን መከላከያ ሕዋሳት በመለየትና በማሳደግ ነው፤ እጁ አለ፣ ልምዱም አለ። የመስኩን ልኬት የሚያውቁ የፊዚክስ ባለሙያዎች ደግሞ በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲው ይገኛሉ። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው፣ የኢንኩቤተሩ መስክ አስቀድሞ ተለክቶ፣ መስክ የማያወጣ የሐሰት ጥቅልል ሽቦ ያለው መነጻጸሪያ ተዘጋጅቶ፣ የትኛው ናሙና በመስክ ውስጥ እንደቆየ ቆጣሪው ሳያውቅ፣ በቤታችን ባለው መጠንና በ1 ሚሊ ቴስላ ጎን ለጎን የሚሠራ አንድ ጥንቁቅ ሙከራ ቢያካሂዱ፣ ውጤቱ «የለም» ቢሆን እንኳ ታትሞ ሊወጣ የሚገባው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም።

መመሪያው የት መድረስ እንዳለበት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. የኮቪድ ክትባት በተወጋ ክንድ ላይ ማግኔት ይጣበቃል የሚለው ወሬ ዓለምን በዞረበት ጊዜ ተምረናል፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ማግኔት በቆዳ ላይ የሚይዝ ብረት ሊኖር እንደማይችል ለማስረዳት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከማንም የቀረበች ነበረች። ስለዚህ የምጠይቀው ወረቀት ከሁለት ገጽ ያልበለጠ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተጻፈ፣ በየጤና ኬላው፣ በየፀረ-ኤችአይቪ ክሊኒኩና በየኤምአርአይ ክፍሉ በር ላይ የሚለጠፍ እንዲሆን ነው። በመጀመሪያው መስመሩ ላይ «በማግኔት ምክንያት መድኃኒትዎን አያቋርጡ» የሚል ይኑርበት።

ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡት መልስም እንደ ጥያቄው በአደባባይ እንዲሆን፣ የባለሥልጣኑ መልስ የተመዘገቡትንና ያልተመዘገቡትን የማግኔት መሣሪያዎች በስም የሚለይ እንዲሆን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
ለአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት